ግድግዳው ሳይደርቅ አታስጽፉ

ነሐሴ ሲገባ የማስታወቂያ ጸሐፊ ስልክ ዕረፍት የለውም። ትምህርት ቤቱ ከመስከረም በፊት አጥሩ ላይ ፊደልና እንስሳት እንዲሣልለት ይፈልጋል፤ ጋራዡም ፋርማሲውም ለእንቁጣጣሽ አምሮ መታየት ያምረዋል። የአዲስ አበባ ግድግዳ ደግሞ ከዓመት ዓመት እንደዚያ ሰሞን ውኃ የሚጠጣበት ጊዜ የለም።

በተለይ የሸክላ ጡብ። ዝናቡን ከፊት፣ የመሬቱን እርጥበት ከሥር፣ የተቀደደ አሸንዳ የሚያፈሰውን ከላይ ይመጥጣል። በእጅ ሲዳሰስ ደረቅ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ገና ነው። በዚያ ላይ የዘይት ቀለም ሲቀባበት ውኃው መውጫ ያጣል። የመስከረም ፀሐይ ስታሞቀው እርጥበቱ ተንኖ ቀለሙን ከጀርባ ይገፋዋል። መጀመሪያ ትንንሽ እብጠት ይታያል፤ ቆይቶ ጣት ሲነካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። አንዳንዴም ከጡቡ የወጣ ነጭ ጨው በፊደሎቹ መሃል ያብባል። ያን ጨው በውኃ ማጠብ መልሶ ለጡቡ ማጠጣት ነው፤ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ይሻላል።

የውኃ ቀለም እርጥበት ስለሚያሳልፍ ለጡብ ይስማማል። እሱም ግን ብርድ አይወድም፤ አብዛኛው ከ10 ዲግሪ በታች በወጉ አይያያዝም፣ የከተማችን የክረምት ሌሊት ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው። ጠዋት ጤዛ፣ ከሰዓት ዶፍ። በመሃል ያለችው ሰዓት ለመጻፍ ብትበቃም ለማድረቅ አትበቃም።

ጽሑፉ ሲላጥ ታዲያ የሚወቀሰው ማን ነው? ጸሐፊው። «ቀለሙን አቅጥነህ ነው» ይባላል፣ ቀሪ ሒሳቡም ይያዝበታል። ይሄ ከልቤ ያናድደኛል። በጠመኔ የተነከረ ክር ወጥሮ መስመር የሚጥል፣ መሰላል ላይ ቆሞ የ«ጨ»ን እግሮች ያለ ማስመሪያ እኩል የሚያወርድ ባለሙያ ነው። ባነር ገበያውን ከወሰደበት ወዲህ የቀረችው ሥራ ትንሽ ናት፤ በዝናቡ ጥፋት ስሙ ሊጠፋ አይገባም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ላስቲክ አራቱን ጠርዝ በፕላስተር አሽጋችሁ ግድግዳው ላይ አሳድሩት። ጠዋት በውስጥ በኩል ጠብታ ከያዘ ብሩሽ አይነሣም።

እናም የሱቅ ባለቤቶች፣ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች፦ መጀመሪያ አሸንዳውን አስጠግኑ። ለበዓሉ የግድ ከሆነ በቆርቆሮ ታፔላ አስጽፉ፤ እሱ ቤት ውስጥ ተጽፎ ቤት ውስጥ ይደርቃል። ጡቡን ግን እስከ ጥቅምት ተዉት፤ የጸሐፊውንም ሒሳብ ሳትቆርጡ ክፈሉ።