በበረንዳ ላይ የሚቀመጥ ሳጥን

በጁባ ከተማ የሚኖር ሰው ምስጥን ገና ያላወቀ እንደ ሆነ እንግድነቱ አላለቀም ማለት ነው። የእኔ እንግድነት ያለቀው በ2015 ዓ.ም. በግንቦት ወር፥ ዝናቡ ከጀመረ ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ፥ በአንድ ቅዳሜ ጧት ነው።

የምንኖርበት ቤት ሁለት ክፍል ብቻ ያለው ስለ ሆነ፥ ከሰሉም፥ ምጣዱም፥ የልጆቹ ጫማም፥ የእኔም ወረቀት ሁሉ መኖሪያው በረንዳው ነበር። ስለዚህ ከዕቃ መላኪያ ጣውላ በችኮላ ሳጥን መትቼ፥ ሰማያዊ ቀለም ቀብቼ፥ ከበረንዳው ጫፍ መሬት ላይ አስቀምጬው ነበር። በዚያች ቅዳሜ ባለቤቴ ከሰል ልታወጣ ክዳኑን ብትይዘው፥ ክዳኑና ዙሪያው አብሮ ተነሥቶ መጣ፤ ወለሉ ግን ከመሬቱ ጋር ቀረ። ቀለሙ ሳይነካ እንደ ቆዳ ቆሞ፥ እንጨቱ ከውስጥ ተበልቶ አልቆ ነበር።

የሳጥኑስ ነገር ባልከፋ። ነገር ግን በላስቲክ ጠቅልዬ ካኖርኋቸው ወረቀቶች መካከል እናቴ በዓዲግራት አጠገብ ካለው መንደራችን በሰው እጅ የላከችልኝ ደብዳቤ ነበረ። በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ስልክ ተቋርጦ፥ ሁለት ዓመት ያህል ድምፅዋን ሳልሰማ ቆይቻለሁ። ደብዳቤው የደረሰኝ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፥ በ2015 ዓ.ም. በታኅሣሥ፥ ስልኩ ወደ መንደራችን ገና ሳይመለስ ነው። እናቴ መጻፍ ስለማትችል የቄሱ ልጅ የጻፈላት አራት ገጽ ነበር። ማን እንደ ሞተና ማን እንደ ተረፈ የሚናገረው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ላይ ነው። ምስጡ እነዚያን ሁለቱን ፈጽሞ በልቶ፥ ሦስተኛውን እንደ ወንፊት በስቶ፥ አራተኛውን ብቻ ተወልኝ። በእርሱ ላይ ያለው የጎረቤቶች ሰላምታ ነው። ዛሬ ስልክ አለ፤ ይሁን እንጂ «ያንን ዝርዝር ሁለተኛ ንገሪኝ» ብዬ እናቴን ልጠይቃት እስካሁን ድፍረት አላገኘሁም።

ባለቤቴ ቍርጥራጩን እየለቀመች፥ «አንተ ሰው፥ ይህን ሳጥን የሠራኸው ለመሄድ እንጂ ለመቀመጥ አልነበረም» አለችኝ። እውነትዋን ነው።

ከዚያ በኋላ ጥሩ ሳጥን ለመሥራት ቈረጥሁ። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የእንጨት ሥራ የሚያስተምሩን አንድ አባ ነበሩ። የሠራነውን ሳጥን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በገመድ ይለኩትና፥ ሁለቱ ልክ እኩል ያልሆነ እንደ ሆነ ያለ ርኅራኄ ያፈርሱት ነበር። በዚያን ጊዜ ስለ ጠላኋቸው ዛሬ አፍራለሁ።

ጣውላ ከሚሸጥበት ገበያ ያገኘኋቸው ሽማግሌ አናጢ፥ «ሐበሻ፥ ሰንዱቅ ከፈለግህ ቲክ ግዛ» አሉኝ። በእኛ በትግርኛውም ሳንዱቕ ነው፤ ቃሉ ከዐረብኛ መጥቶ ለአማርኛም እንግዳ አይደለም፤ ሆኖም በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ሳጥን ብዬ እጽፋለሁ። ቲክ የተባለው ዛፍ ትውልዱ በሕንድና በበርማ አገር ነው። ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር በነበረችበት ዘመን በዬይ አካባቢ፥ በሎካና በካጌሉ፥ በሰፊው ተተከለ፤ ዛፉም ቀጥ ብሎ አደገ። በጦርነቱ ዓመታት ያለ ሥርዓት ብዙ ተቈርጧል። ሽማግሌው ጣውላውን ገልብጠው በዳሩ ያለውን ነጣ ያለ ክፍል በጥፍራቸው እየነኩ፥ «ይህን ምስጥ ይወደዋል፤ ልቡን ውሰድ» አሉኝ። የዛፉ ልብ ቡናማ ነው፤ በውስጡ ያለው ቅባትም ምስጥን ያርቃል። ምክራቸው ከዋጋው በላይ ጠቀመኝ፤ ዋጋውም ቀላል አልነበረም።

ጣውላው እስኪደርቅና ገንዘብ እስካጠራቅም ዝናቡ አለፈ። ሥራውን የጀመርሁት በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት፥ የደቡብ ሱዳን መንግሥት ከሙቀቱ ብርታት የተነሣ ትምህርት ቤቶችን በዘጋበት ሰሞን ነው። ልጆቹ ቤት ስለ ዋሉ ጣውላ ያዦች አገኘሁ። የምንሠራው ፀሐይ ሳትወጣ ነበር። ቲክ እንደ አሸዋ ያለ ነገር በውስጡ ስላለው መጋዝና መላጊያ ቶሎ ያዶለድማል፤ እኔም ከመቍረጥ ይልቅ በመሳል የበለጠ ጊዜ አጠፋሁ። ምስማርም ሳይበሱለት ቢመቱት ጫፉን ይሰነጥቀዋል።

ልኩ ርዝመቱ 120፥ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ኋላውን 70፥ ፊቱን 62 ያደረግሁት ክዳኑ ወደ ፊት አዘቅዝቆ ውኃውን እንዲያፈስ ነው፤ ክዳኑም በዙሪያው 4 ሳንቲ ሜትር ያህል አልፎ ይወጣል። የወለሉን ጣውላዎች አየር እንዲገባ በመጠኑ አራርቄ መታሁ። አራቱን እግሮች በድንጋይ ላይ አቆምሁ። ምስጥ በድንጋይም ላይ የጭቃ መንገድ ሠርቶ ይወጣል፤ ቢሆንም መንገዱ ከሩቅ ስለሚታይ ሳይርቅ ማፍረስ ይቻላል። ይህን ሥራ ለታናሹ ልጄ ሰጠሁት፤ በየእሑዱ በጭራሮ እየዞረ ይመረምራል።

ጎረቤታችን የአገራችን ነጋዴ ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በጁባ ውጊያ በሆነ ጊዜ አንድ ቦርሳ ብቻ ይዞ የወጣ፥ በኋላም የተመለሰ ሰው ነው። ሳጥኑን ከአንድ ወገን ሊያነሣው ሞክሮ ሲያቅተው ሣቀና፥ «ወንድሜ፥ በዚህ ከተማ በሁለት እጅ የማይነሣ ዕቃ አይሠራም» አለኝ። እኔም መልስ አልሰጠሁትም፤ ነገር ግን የሠራሁት ሥራ መልስ ነበረው። ማዕዘኖቹን በምስማርና በኮላ በማያያዝ ፈንታ በ16 ብሎኖች አስሬአቸዋለሁ፤ ብሎኖቹ የተፈቱ እንደ ሆነ ሳጥኑ ጠፍጣፋ ሆኖ በመኪና ጣራ ላይ ይጫናል። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኋትም ነበር።

በተልባ ዘይት ቀባሁት። አባ ባስተማሩን መንገድ በገመድ ስለካውም ሁለቱ ልክ እኩል ሆነ። አራተኛውን ገጽ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አኑሬ ከሳጥኑ በስተላይ በኩል ለብቻው ቦታ አበጀሁለት። ባለቤቴ ክዳኑን ከፍታ ስትዘጋ፥ ውስጡንም ስትዳስስ ቆየችና እጅዋ በብሎኖቹ ላይ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችም።

በማግስቱ የብሎን መፍቻውን ከመሣሪያዎቼ መካከል ባጣው ጠየቅኋት። የት እንዳኖረችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።