የከዚራው ዘይቱን

ከዚራ ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረ የድሬ ዳዋ ሰፈር ነው፤ በዛፎቹ ጥላ ሲያልፉ ከአጥር ወዲያ የበሰለ ዘይቱን ይሸታል። እኔም ግቢ አንድ አለ። ዘይቱን የሚያፈራው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ነውና ለቀማው እንዳለቀ የደረቀውን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውንና ከሥር የሚያቆጠቁጠውን እቆርጣለሁ። ጎረቤቴ «ምን ሊቀረው ነው?» ይላሉ፤ በወቅቱ ግን ሳህን ይዘው ይመጣሉ። የወደቀውን ፍሬ የዝንብ ትል ስለሚኖርበት በየቀኑ ለቅሜ ጠለቅ አድርጌ እቀብራለሁ።

ነርስ ነበርኩና ከመቀሱ ይልቅ የሚያሳስበኝ የማጠጫው በርሜል ነው። በ2006 ዓ.ም. ከተማችንን ያመሰውን የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ በተጠራቀመ ውኃ ትራባለች፤ የምትነክሰውም ቀን፣ የልጅ ልጆቻችን ዛፉ ሥር ሲጫወቱ ነው። ማታ የምንዘረጋው አጎበር ለዚህ አይደርስም። ስለዚህ በርሜሉን እከድናለሁ፤ በሳምንት አንዴ ውኃውን ለዘይቱኑ ደፍቼ ውስጡን በብሩሽ እፈገፍጋለሁ።