ሜዳይ እንጂ ወረቀት ያልተሰጣቸው

ሰኔ 1990 ዓ.ም. ነበር። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ዝናባማ ሌሊት ታጣቂዎች መጥተው ጎረቤታችንን፣ እኛ ልጆቹ «እትዬ» የምንላቸውን ሴት፣ ወሰዷቸው። ከበር ሲወጡ የአባታቸውን ሜዳይ ለእናቴ በእጇ አስጨበጧት።

አባታቸው የአከለ ጉዛይ ሰው ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ጦር ውስጥ ወታደር ሆነው በደቡብ ግንባር ዘመቱ። በወገናችን ላይ አንተኩስም ብለው ከከዱት ኤርትራውያን ጋር ወደ ራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ገቡ። ጦሩ ሲፈታ ወደ ኬንያ ተሻግረው በኢሲዮሎና በታቬታ የስደተኞች ሠፈር ቆዩ። ከድል በኋላ ሲዳሞ ውስጥ ጎጆ ቀለሱ፤ ሜዳዩም ያኔ ተሰጣቸው።

እንዲህ ያሉት ጥቂት አልነበሩም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም፣ በስደት ዘመን የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ የነበሩት ሎሬንሶ ታእዛዝ፣ ሁሉም ከመረብ ማዶ የመጡ ነበሩ።

ለመሆኑ አገር ለባለውለታዋ የምትከፍለው ምንድን ነው? በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽኑ ኤርትራውያን ኢትዮጵያዊ ዜግነት አገኙ። በ1985 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔው ድምፅ እንዲሰጡ ተጋበዙ፤ ጦርነቱ ሲነሣ ግን ያው ድምፅ የባዕድ ዜግነት ማስረጃ ተደርጎ ተቆጠረባቸው። 75,000 ያህል ሰዎች ተባረሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም በሐምሌ 1990 ዓ.ም. መንግሥት የዓይኑ ቀለም ያላማረውን የውጭ ዜጋ ማስወጣት እንደሚችል ተናገሩ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ኢትዮጵያን ሳይለቁ ለኖሩት በር ከፈተ፤ ተገደው የወጡት ግን «ሳይለቁ የኖሩ» አልነበሩምና ከበሩ ውጪ ቀሩ።

በጦርነት ጊዜ መንግሥት ሊጠነቀቅ ይገባል የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን የተጠረጠረ ሰው ዳኛ ፊት ይቀርባል እንጂ በሌሊት ድንበር አይሻገርም።

ይህ የእኛ ብቻ ነውር አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ከካቡል ካወጣቻቸው ከ70,000 በላይ አፍጋናውያን መካከል ለጦሯ ያስተረጎሙ ነበሩበት። ብዙዎቹ የገቡት በሁለት ዓመት ጊዜያዊ ፈቃድ ነው። ለቋሚ ነዋሪነት እንዲያበቃቸው በ2022 ለምክር ቤቷ የቀረበው ረቂቅ ሕግ በዚያ የሥራ ዘመን ሳይጸድቅ ቀረ። ባለጸጋውም ድሃውም ባለውለታውን በይደር ያኖራል።

እኔ የምለው ይህን ነው፤ ምስጋና ሕግ ካልሆነ የባለሥልጣን ስሜት ነው። ስሜት ደግሞ ይለወጣል። ከእኛ ጋር ቆሞ አገሩን ያጣ ሰው ሊያገኝ የሚገባው ለልጁ የሚተርፍ፣ ያለ ፍርድ ቤት የማይነጠቅ ዜግነት ነው።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የስልክ መስመሩ ሲከፈት እትዬ ከአሥመራ ደወሉ። ከሰላምታ በኋላ የጠየቁት ስለ ቤታቸው አልነበረም።

«ሜዳዩ አለ?» አሉ።

አለ፤ እናቴ ሳጥን ውስጥ ነው። ባለቤቱ ግን የእኛ ናቸው ወይስ የእነሱ፣ ዛሬም የወሰነ የለም።