መዶሻ ሲፈለግ ስለ ተገኘው የወርቅ ሣጥን

ከሎንዶን ከተማ በባቡር ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄድ መንገደኛ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከተጓዘ በኋላ ዲስ ከምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳል፡፡ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄድ ሆክስን የምትባለውን መንደር ያገኛል፡፡ ይህች መንደር በሳፎክ አውራጃ ያለች ናት፤ በስተ ሰሜን ዌቭኒ የሚባለው ወንዝ ያልፋል፤ በዙሪያዋ ያለውም ምድር የታረሰ ነው፡፡ ታላቅ ተራራ ወይም ታላቅ ሕንፃ ለማየት የሚወድ ሰው ወደ ሌላ ስፍራ ቢሄድ ይሻለዋል፡፡ ዳሩ ግን ምድር በሆዷ የሰወረችውን ነገር ለሰው ልጅ እንዴት እንደምትገልጽ ለማወቅ የሚወድ ሰው ከሆክስን ብዙ ይማራል፡፡ ስለዚህ የመንደሪቱን ነገር ለዚህ ገጽ አንባቢዎች በአጭሩ እንጽፋለን፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፡፡

የመጀመሪያው ነገር የድንጋይ ነገር ነው፡፡ በ1797 ዓ.ም. ጆን ፍሬር የተባለ ባላባት፥ ሠራተኞች ለጡብ የሚሆን ጭቃ ከሚቈፍሩበት ጕድጓድ በሰው እጅ የተጠረቡ ድንጋዮች መውጣታቸውን ተመለከተ፤ በሎንዶን ላለውም የጥንት ነገር መርማሪዎች ማኅበር ደብዳቤ ጻፈ፡፡ ድንጋዮቹ የተገኙት ከሦስት ሜትር ተኩል በሚበልጥ ጥልቀት ነው፤ በላያቸውም አሸዋና ጭቃ በየተራው ተነጥፎ ነበር፡፡ ፍሬር ይህን አይቶ የጠረቧቸው ሰዎች ብረት ያላወቁ፥ ዘመናቸውም እጅግ የራቀ መሆን አለበት ብሎ አመለከተ፡፡ ደብዳቤው በ1800 ዓ.ም. ቢታተምም ስድሳ ዓመት ያህል ልብ ያለው ሰው አልነበረም፡፡ ዛሬ ግን ሊቃውንት የድንጋዮቹን ዕድሜ 400,000 ዓመት ያህል ይሆናል ብለው ይገምታሉ፡፡ ፍሬርን ወደ እውነት ያደረሰው የድንጋዩ መልክ ብቻ ሳይሆን የተገኘበት ስፍራ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ከዚህ በታች የሚነገረውም ታሪክ በዚሁ ላይ የቆመ ነው፡፡

በ1992 ዓ.ም. ኖቬምበር 16 ቀን፥ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር ኅዳር 7 ቀን 1985 ዓ.ም.፥ ከመንደሪቱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ በሚገኝ እርሻ ላይ፥ አንድ ገበሬ የጠፋበትን መዶሻ ይፈልግለት ዘንድ ወዳጁን ለመነው፡፡ ወዳጁ በአትክልት ሥራ ኖሮ በጡረታ ያረፈ ሰው ነበረ፤ ከሥራው ሲሰናበትም የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ በስጦታ ተቀብሎ ነበር፡፡ ይህ መሣሪያ በዘንግ ጫፍ ላይ እንደ ትንሽ ሰፌድ ክብ የሆነ ነገር ያለበት ነው፤ በክቡም ውስጥ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል፡፡ በሽቦው የኤሌክትሪክ ኃይል ሲመላለስ የመግነጢስ ኃይል ወደ ምድር ይወርዳል፤ በዚያ ብረት ወይም ብር ወይም ወርቅ ቢኖር በማዕድኑ ውስጥ ሌላ የኤሌክትሪክ ኃይል ይቀሰቀሳል፤ መሣሪያውም ያን ተቀብሎ በድምፅ ያመለክታል፡፡ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ይዘው በየእርሻው የሚዞሩ ሰዎች በእንግሊዝ አገር ብዙዎች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት ግን የዛገ ሚስማርና የጠርሙስ ክዳን ነው፡፡

በዚያን ቀን መሣሪያው በጮኸበት ስፍራ ቢቈፈር የብር ማንኪያ፥ የወርቅ ጌጥና ብዙ የጥንት ገንዘብ ወጣ፤ ሰውየውም ሁለት ከረጢት ሞላ፡፡ ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር እጅግ የሚመሰገን ነው፡፡ ከጕድጓዱ ውስጥ ገና ብዙ ሀብት እንዳለ እያወቀ መቈፈሩን ተወ፤ ለመሬቱ ባለቤት ለአውራጃው ምክር ቤትና ለፖሊስ አስታወቀ፡፡ በማግሥቱ የአውራጃው የጥንት ቅርስ ባለሙያዎች መጥተው ሀብቱን በአንድ ቀን ውስጥ አወጡት፤ አንዳንዱንም ክፍል ከነአፈሩ ቈርጠው አንሥተው በመመርመሪያ ቤት በዝግታ ፈቱት፡፡

በተቈጠረ ጊዜ 569 የወርቅ፥ 14,272 የብርና 24 የነሐስ ገንዘብ፥ በጠቅላላው 14,865 ሆነ፡፡ ከዚህም ሌላ ጭልፋና ማንኪያ 98፥ የወርቅ ጌጥ 29 ተገኘ፤ ከጌጡም 19 አምባር፥ 6 የአንገት ሐብል፥ 3 ቀለበትና 1 በትከሻና በብብት ሥር አልፎ በደረትና በጀርባ ላይ የሚገናኝ ሰንሰለት ነበረ፡፡ ሰንሰለቱ ጠባብ ስለ ሆነ የለበሰችው ሴት ቀጭን ወይም ገና ልጅ እንደ ነበረች ይገመታል፡፡

የሀብቱ አቀማመጥ ሳይበላሽ ስለ ተገኘ ሊቃውንቱ ብዙ ነገር ሊረዱ ቻሉ፡፡ እንጨቱ ቢበሰብስም የብረቱ ማጠፊያ በየስፍራው ቀርቶ ነበርና፥ ሁሉ ሳይበተን፥ ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል በሆነ በአንድ የባሉጥ እንጨት ሣጥን ውስጥ እንደ ተቀመጠ ታወቀ፡፡ በሣጥኑም ውስጥ የብር ቍልፍ ያላቸው ትንንሽ ሣጥኖች ነበሩ፤ አንዳንዱም ዕቃ እንዳይጋጭ በጨርቅና በድርቆሽ ተጠቅልሎ ነበር፡፡ እንግዲህ የቀበሩት ሰዎች በድንጋጤ የሚሸሹ አይመስሉም፤ ዕቃቸውን የሚወዱ፥ ተመልሰውም ሊወስዱት ያሰቡ ቤተ ሰቦች ሳይሆኑ አይቀሩም፡፡ ደግሞ በነብር አምሳል የተሠራ አንድ የብር ማሰሮ እጀታ ተገኝቷል፤ ማሰሮው ግን የለም፡፡ ከዚህም የተነሣ ታላላቁ የቤት ዕቃ በሌላ ስፍራ ቀርቷል ብለው ይገምታሉ፡፡

ባለቤቶቹ እነማን ነበሩ? በአንድ አምባር ላይ እመቤት ዩልያና በደስታ እንዲያደርጉት የሚመኝ ቃል በላቲን ፊደል ተቀርጿል፤ በማንኪያዎቹም ላይ አውሬልዮስ ኡርሲኪኖስ የሚል ስም ተገኝቷል፡፡ ባልና ሚስት ይሁኑ፥ አባትና ልጅ ይሁኑ፥ የሚነግር ጽሑፍ የለም፡፡ ከገንዘቡ ሁሉ የመጨረሻው የተመታው በ407 ወይም በ408 ዓ.ም. ስለ ሆነ ሣጥኑ የተቀበረው ከዚያ በኋላ ነው፡፡ ያ ዘመን የሮም መንግሥት እንግሊዝን ለቆ የወጣበት፥ ሕግና ጸጥታ የጠፋበት ዘመን ነበር፡፡ አዲስ ገንዘብም ከሮም መምጣቱን ስላቆመ ሰዎች የብሩን ገንዘብ ጠርዝ እየቈረጡ ይወስዱ ነበር፤ የንጉሡን መልክ ግን አይነኩም ነበር፡፡ በሣጥኑ ከተገኘው የብር ገንዘብ አብዛኛው እንዲህ የተቈረጠ ነው፡፡

ከዕቃው መካከል የቁንዶ በርበሬ ማስቀመጫ የሆኑ አራት የብር ዕቃዎች አሉ፤ አንደኛው በአንዲት የተከበረች ሴት አምሳል የተሠራ ነው፡፡ ቁንዶ በርበሬ በዚያ ዘመን ከህንድ ተነሥቶ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ሮም ግዛት ይገባ ነበር፡፡ በዚያው ባሕር ዳር የአክሱም ነገሥታት በአዱሊስ ወደብ ይነግዱ ነበር፤ የራሳቸውንም የወርቅ ገንዘብ ያስመቱ ነበር፡፡ እንዲህ ሆኖ የሩቁ የሆክስን ማዕድ ከእኛ አባቶች ባሕር ጋራ ተገናኝቷል፡፡

በ1993 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 3 ቀን ነገሩን የመረመረው ዳኛ፥ ሀብቱ ተመልሶ ለመውሰድ ታስቦ የተሰወረ ነውና የዘውድ ነው ብሎ ፈረደ፡፡ ሕጉ ግን በቅንነት ያስታወቀ ሰው ዋጋውን እንዲቀበል ያዝዝ ነበርና ላገኘው ሰው 1,750,000 ፓውንድ ተከፈለው፡፡ እርሱም ሕግ ሳያስገድደው ከገበሬው ጋራ ተካፈለ፡፡ ከዚያ ወዲህ በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ባለ መሬቱም ከዋጋው ድርሻ እንዲያገኝ ፈቀደ፡፡ ሀብቱ በሎንዶን በብሪታንያ ቤተ መዘክር ይገኛል፤ የጠፋውም መዶሻ በኋላ ስለ ተገኘ ለዚሁ ቤተ መዘክር ተሰጥቷል፡፡

ያ ሰው ሌሊቱን ሁሉ ቈፍሮ ቢሸጠው ኖሮ ወርቁ ያው ወርቅ በሆነ ነበር፤ ነገር ግን የእመቤት ዩልያና አምባር ከማንኪያው ተለይቶ፥ ሣጥኑም ፈርሶ፥ የአንድ ቤተ ሰብ ታሪክ ለዘላለም በጠፋ ነበር፡፡ የአንድን ዕቃ ዋጋ ዳግመኛ መተመን ይቻላል፤ ከስፍራው ከተነቀለ በኋላ ግን ወደ ቀድሞው አቀማመጥ መመለስ አይቻልም፡፡

ይህ ለእኛም የቀረበ ነገር ነው፡፡ በአክሱም አካባቢ ገበሬዎች ሲያርሱ፥ ዝናምም አፈሩን ሲያጥበው፥ የጥንት ነገሥታት ገንዘብ ይገኛል፡፡ በ2000 ዓ.ም.፥ በእኛ አቈጣጠር በ1992 ዓ.ም.፥ የወጣው የቅርስ አዋጅ ቍጥር 209፥ በቍፋሮ ወይም በሌላ ድንገተኛ ምክንያት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያስታውቅ፥ እስኪረከቡትም ድረስ እንዳለ እንዲጠብቅ ደንግጓል፡፡ ስለዚህ የቤት አባቶችና እመቤቶች ለልጆቻቸው፥ ለአራሾቻቸውና መሠረት ለሚቈፍሩላቸው ሠራተኞች ይህን ቢያስተምሩ መልካም ነው፤ የጥንት ዕቃ ሲታይ እጅን መሰብሰብ፥ ስፍራውን ምልክት ማድረግና በቶሎ ለሹም መንገር ይገባል፡፡