ሐርጌሳና ደረቁ ወንዟ

«ጅግጅጋ ያር» ማለት በሶማልኛ ትንሿ ጅግጅጋ ማለት ነው። ይህ የሐርጌሳ ሠፈር ስሙ የአገራችንን ከተማ ስለሚያስታውስ እንግድነታችንን አቀለለልን። ከዚያ ወርደን ከተማዪቱን ለሁለት የሚከፍላትን የመሮዲ ጄሕን ወንዝ አየን፤ ወንዝ እንበለው እንጂ ያገኘነው አሸዋና ፍየሎች ብቻ ነበር።

ሆኖም ከላይ ባለው አገር ዝናም በጣለ ጊዜ፥ በከተማው ጠብታ እንኳ ሳትወርድ ጎርፉ በድንገት ይደርሳል። ደረቅ ወንዝ የሚያደርገውን ለእኛ ማስረዳት አያሻም፤ በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ በሌሊት ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል።

ታዲያ ሰው ስለ ምን በዚህ ይሰፍራል? ሐርጌሳ ቀድሞ ከበርበራ ወደ ሐረር የሚጓዙ ቅፍለቶች ውሃ የሚያገኙባት ማረፊያ ነበረች። በደረቅ አገር ሰው ውሃን ተከትሎ ይሰፍራል፤ ውሃውም የሚገኘው በዚሁ አሸዋ ሥር ነው። በ2009 ዓ.ም. በበረታው ድርቅ ከብቶቻቸው ያለቁባቸው አርብቶ አደሮችም ወደ ከተማዪቱ ዳር መጥተው ሰፈሩ። ከድርቅ የሸሸ ድሃ ጎጆ የሚቀልሰው ባለገንዘብ ባልፈለገው መሬት ነው።

ስለዚህ «አገሩን ይልቀቁ» የሚለውን ምክር አንቀበለውም፤ ወዴት ይሄዳሉ? ነገር ግን የጎርፉን መንገድ ለጎርፉ መተው፥ ለድሃውም ከፍ ያለ ቦታ መስጠት የሹማምንት ግዴታ ይመስለናል።

በወንዙ ዳር ሻይ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት በአስተርጓሚ፥ «ጎርፉ በዓመት ጥቂት ቀን ነው፤ ውሃ የምንፈልገው ግን ሁልጊዜ ነው» አሉን። ስንሰናበታቸው ጎጆአቸው ከአፋፉ ምን ያህል እንደሚርቅ በእርምጃ ቆጠርን፤ አርባ አልሞላም።