ከከፍታ መውረድ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ መውጣትን የማያስተምር ትምህርት ቤት የለም፤ መውረድን የሚያስተምር ግን ጥቂት ነው። እኔም አርባ ዓመት ያህል ሳስተምር ይህን ዘንግቼው ኖሬአለሁ።

ሐምሌ 16 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ማለት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1983፣ አንድ የካናዳ ቦይንግ 767 አይሮፕላን 69 ሰዎች ይዞ በ41,000 ጫማ ከፍታ ይበር ነበር። ነዳጁ በኪሎግራም መሰላት ሲገባው በፓውንድ ተሰልቶ ኖሮ፣ በመንገድ አለቀና ሁለቱም ሞተሮች ተራ በተራ ጠፉ። አብራሪው ሮበርት ፒርሰን ጊምሊ ወደሚባል አሮጌ የጦር አይሮፕላን ማረፊያ ሲቃረብ ግን፣ መከራው የከፍታ ማነስ ሳይሆን የከፍታ መትረፍ ሆነበት።

አፍንጫውን ወደ ምድር ቢደፋው ፍጥነቱ ይጨምርና ሜዳውን አልፎ ይሄዳል፤ ዞሮ እንደ ገና እንዳይሞክር ደግሞ ሞተር የለውም። ፒርሰን ግላይደር የሚባለውን ሞተር አልባ አይሮፕላን ማብረር ያውቅ ነበርና የዚያን ጥበብ አሰበ። አንዱን ክንፍ ዝቅ አድርጎ የጅራቱን መሪ ወደ ተቃራኒው አዞረ። አይሮፕላኑም ጐኑን ለነፋስ ሰጥቶ ተንሸራተተ፤ አየሩ ስለ ያዘውም ፍጥነት ሳይጨምር ከፍታውን ቀነሰ። መሬት ሊነካ ሲል አቃንቶ አሳረፈው። የፊት ጐማው ቢታጠፍም ሰው አልሞተም።

ይህን ታሪክ ያነበብሁት ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከሥራ ብወርድም ከአስተማሪነት ከፍታ አልወረድሁም ነበር። ጐልማሳ ልጄን በሰው ፊት እንደ ተማሪ አርመው ስለ ነበር፣ እግሩን ከቤቴ ሰበሰበ። ጥፋቴን ባወቅሁ ጊዜ ይቅርታ ጠይቄ ልገላገል ብዬ በችኰላ ስልክ ደወልሁ፤ ንግግሬም ወደ ቍጣ ተለወጠ። ይህ አፍንጫን ደፍቶ መውረድ ነበር። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለምን?

ኋላ ግን ወደ ቤቱ ሄጄ፣ አንድም ምክር ሳልሰጥ፣ የልጅ ልጄን አቅፌ ተቀመጥሁ። ሦስት እሑድ እንዲህ ተመላለስሁ። በአራተኛው «ልጄ፣ በድዬሃለሁ» አልሁት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ፣ «አባባ፣ ቡናው ሳይበርድ ይጠጡ» አለኝ።

ወጣት ሆይ፤ ከፍታ ሲተርፍህ በጊዜው ቀንሰው፤ ስትቀንሰውም አትቸኵል። ጥበቡንም ከወዲሁ ተለማመድ፤ ፒርሰን የተማረው በደኅናው ቀን ነውና።