እርጅና፣ ደዌና ፊደል

«ጃጀ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ብዙ ሥራ የሚሠራ ቃል ነው። አንድ ሽማግሌ አንዱን ጥያቄ ደጋግመው ሲያነሡ፣ የገዛ ልጃቸውን በወንድማቸው ስም ሲጠሩ፣ ከቤታቸው ወጥተው የመመለሻው መንገድ ሲጠፋቸው «ጃጁ» እንላለን፤ ብለንም እናርፋለን። ቃሉ ምርመራም ነው፣ ፍርድም ነው፣ መጽናኛም ነው። የሰውየውን መድከም ከዕድሜያቸው ጋር አስሮ ስለሚደመድመው ሌላ ጥያቄ አያስነሣም። እንደ ፀጉር መሸበት፣ እንደ ጉልበት መክዳት ሁሉ የአእምሮም መዛል የዕድሜ ግብር ሆኖ ይቆጠራል።

ይህ አስተሳሰብ የእኛ ብቻ አይደለም። የሕክምና ሳይንስም ራሱ በራሱ ልሳን «ጃጁ» ሲል የኖረበት ረጅም ዘመን አለው።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1901 በጀርመን አገር፣ በፍራንክፈርት ከተማ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አውጉስተ ዴተር የተባሉ የ51 ዓመት ሴት ገቡ። የመረመሯቸው ሐኪም አሎይስ አልዝሃይመር ነበሩ። ሐኪሙ ስማቸውን ሲጠይቋቸው «አውጉስተ» አሉ፤ የባለቤታቸውን ስም ሲጠይቋቸውም መልሳቸው ያው «አውጉስተ» ሆነ። ስማቸውን እንዲጽፉ በታዘዙ ጊዜ «ወይዘሮ» የሚለውን ጽፈው የቀረውን ረሱት፤ ቃሉን እየደጋገመ የሚነግራቸው ሰው አስፈለጋቸው። የሕክምና መዝገባቸው ከዘጠኝ ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ እዚያው ፍራንክፈርት ውስጥ ተገኝቷል።

ሴትዮዋ እ.ኤ.አ. በ1906 ሲሞቱ አልዝሃይመር አንጎላቸውን በማይክሮስኮፕ መረመሩ። በነርቭ ሴሎቹ መካከል የተጋገረ ዝቃጭ፣ በሴሎቹ ውስጥ ደግሞ የተተበተበ ክር አዩ። ያዩትንም በዚያው ዓመት በቱቢንገን ከተማ ለተሰበሰቡ ሐኪሞች አቀረቡ። ዝቃጩ አሚሎይድ ከተባለ ፕሮቲን፣ ክሩም ታው ከተባለ ሌላ ፕሮቲን የሚሠራ መሆኑ ዛሬ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ1910 ኤሚል ክሬፔሊን የተባሉት የአእምሮ ሐኪም በሽታውን በአልዝሃይመር ስም ጠሩት።

ይሁን እንጂ ስሙ ለብዙ ጊዜ ያገለገለው ገና ሳያረጁ ለሚታመሙት ብቻ ነበር። በ50 ዓመታቸው ማስታወስ የተሳናቸው ሰዎች ሕመምተኛ ሲባሉ፣ በ80 ዓመታቸው የተሳናቸው ግን ያረጁ ብቻ ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 ብሌስድ፣ ቶምሊንሰንና ሮት የተባሉ የእንግሊዝ ሐኪሞች በኒውካስል ከተማ የሞቱ አረጋውያንን አንጎል መርምረው ያንኑ ዝቃጭና ያንኑ ክር አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ሮበርት ካትዝማን የወጣቱም የሽማግሌውም በሽታ አንድ መሆኑን አስረግጠው ጻፉ። «ጃጁ» የሚለው የሐኪሞች ፍርድ በዚህ ጊዜ መነሣት ጀመረ። በሽታ የተባለ ነገር ይጠናልና ምርምሩም ከዚያ ወዲህ ሰፋ።

ለዚህ ጉዳይ ያለኝ ቅርበት ከንባብ ብቻ የመጣ አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቴ የ35 ዓመት ሴት ነበረች። አምስት ልጆች ወልዳለች፤ ፊደል ግን አልቆጠረችም። ማታ ማታ ታናሼን አዝላ በቀበሌው አዳራሽ ተማረች። ልጇ የሚሆን ተማሪ እጇን ይዞ «ሀ»ን አስጻፋት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሠፈራችን የሴቶች ዕድር ጸሐፊ ሆና ተመረጠች፤ የወሩን መዋጮ፣ የቀብሩን ወጪ፣ የድንኳኑንና የወንበሩን ቁጥር ከ30 ዓመት በላይ በገዛ እጇ መዘገበች።

የደዌው የመጀመሪያ ምልክት የታየውም እዚያው መዝገብ ላይ ነው። በ2010 ዓ.ም. የአንዲት ጎረቤታችን መዋጮ በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ተጽፎ ተገኘ፤ በተከታዩ ወር እናቴ ዕድሜ ልኳን የምታውቃቸው ሴቶች ስም በግማሽ እየተቋረጠ ቀረ። ጎረቤቶቻችን በደግነት «ጃጅተው ነው፤ ዕድሜ ነው» አሉ። እኅቴ ጠበል ወሰደቻት፤ እኔ ሐኪም ዘንድ ወሰድኋት፤ የደዌውን ስም የሰማነው እዚያ ነው። ስሙን በሰማሁ ጊዜ ሐዘኔ አልቀነሰም። ሆኖም እናቴን የምመለከትበት ዐይን ተለወጠ፤ ደጋግማ የምትጠይቀኝ ሴት ያረጀች ሳትሆን የታመመች ሆነችልኝ።

ደዌው ሰውየው ራሱ ሳያውቅ ገጽ ላይ የሚታይ መሆኑን የሚያስረዳ አንድ የታወቀ የደራሲ ምሳሌ አለ። አይሪስ መርዶክ በእንግሊዝ አገር የታወቁ የልብ ወለድ ደራሲና የፍልስፍና መምህር ነበሩ። የመጨረሻው ልብ ወለዳቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ታተመ፤ እርሳቸውም በአልዝሃይመር በሽታ ተይዘው እ.ኤ.አ. በ1999 ዐረፉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ተመራማሪዎች የደራሲዋን የመጀመሪያ፣ የመካከለኛና የመጨረሻ መጻሕፍት ቃል በቃል አነጻጸሩ። የዐረፍተ ነገሩ አገነባብ እምብዛም አልተናጋም፤ የቃላቱ ሀብት ግን ተመናምኖ፣ በብዛት የሚዘወተሩት ተራ ቃላት ቦታውን ይዘው ተገኙ። የቤቱ ምሰሶና ማገር ቆሟል፤ ዕቃው ግን አንድ በአንድ እየወጣ ነበር ማለት ነው።

ይህም የሆነው ደዌው አንጎልን መብላት የሚጀምረው በግልጽ ከመታየቱ በፊት በመሆኑ ነው። አሚሎይድ የሚባለው ዝቃጭ መጠራቀም የሚጀምረው የመርሳቱ ምልክት ከመታየቱ 15 እና 20 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። እዚህ ላይ እርጅናና ደዌ የሚገናኙበት በር አለ። ማንኛውም ሕያው ሴል ያረጀውን ፕሮቲን እየጠረገ፣ እየፈጨ፣ እንደገናም እየተጠቀመ ይኖራል። ጃፓናዊው ሳይንቲስት ዮሺኖሪ ኦሱሚ ይህ የመጥረግ ሥራ እንዴት እንደሚካሄድ በእርሾ ላይ ባደረጉት ምርምር ገልጠው እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ጠረጋ ይዳከማል፤ ጥራጊውም ይከማቻል። እንግዲህ እርጅና ማሳው ነው፤ ደዌው ደግሞ አረሙ። ማሳ ሁሉ አረም አያበቅልም፤ ስለዚህም ማሳውንና አረሙን በአንድ ስም መጥራት ስሕተት ነው።

በዚህ ረገድ ለእኛ ለመምህራንና ለጽሑፍ ሰዎች ብዙ የሚናገረው፣ በአሜሪካ አገር በመነኮሳት ላይ የተደረገው ጥናት ነው። ዴቪድ ስኖውደን የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 በጀመሩት በዚህ ሥራ ከአንድ የካቶሊክ ማኅበር የተውጣጡ 678 መነኮሳት ተሳትፈዋል። አብዛኞቹ በመምህርነት ያገለገሉ ሲሆኑ፣ ሲሞቱ አንጎላቸው እንዲመረመር ፈቅደው ነበር። ኑሯቸው አንድ ዐይነት በመሆኑ ልዩነታቸውን ለማጥናት የተመቹ ነበሩ። ከሁሉ የበለጠው ሀብት ግን በገዳሙ መዝገብ ቤት የተገኘው ነው፤ ይኸውም መነኮሳቱ በአማካይ በ22 ዓመታቸው፣ ቃል ኪዳን ከመግባታቸው በፊት የጻፉት አጭር የሕይወት ታሪክ ነበር።

ተመራማሪዎቹ በየጽሑፉ በዐሥር ቃላት ውስጥ ስንት ሐሳብ እንደ ታጨቀ ቆጠሩ። በእኛ ቋንቋ ብንመስለው፣ አንዲቱ «አባቴ ገበሬ ነው። አራት ልጆች ነን።» ብላ ስትተው፣ ሌላዋ የአባቷን ሙያ፣ የዚያን ዓመት ድርቅና የራሷን ስጋት በአንድ ዐረፍተ ነገር አሰናስላ ትጽፋለች። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የ93 መነኮሳት ጥናት መሠረት፣ እስከዚያ ጊዜ ከሞቱት 14 መካከል በወጣትነታቸው ሐሳባቸው የሳሳው ሁሉ አንጎላቸው ሲመረመር የአልዝሃይመር በሽታ ተገኘባቸው፤ ሐሳባቸው ከታጨቀው ግን በአንዲቱም ላይ አልተገኘም። ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ፍቺውም ሁለት ሊሆን ይችላል። ጥንት የተዘራ ሀብት ደዌውን መክቶት ይሆናል፤ ወይም ደዌው ገና በወጣትነት አንድ ድካም ትቶ ኖሮ ይሆናል።

ከመነኮሳቱ መካከል በጥናቱ ሲስተር ሜሪ በመባል የሚታወቁት በ101 ዓመታቸው ሞቱ። እስከ መጨረሻው ድረስ የማስታወስና የማሰብ ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት ያልፉ ነበር። አንጎላቸው በተከፈተ ጊዜ ግን ዝቃጩም ክሩም በብዛት ተገኘ። ነቀዙ ጎተራው ውስጥ ገብቷል፤ ቤተ ሰቡ ግን አልተራበም። እንግዲህ በአንጎል ላይ የደረሰው ጥፋትና በሰውየው ላይ የሚታየው ጥፋት እኩል አይደሉም። በሁለቱ መካከል ሰውየው ዘመኑን ሁሉ ያከማቸው ነገር ቆሞ ይገኛል። ተመራማሪዎች ይህንን ክምችት የአእምሮ ስንቅ በሚመስል ስም ይጠሩታል።

ይህ ስንቅ የተማሩ ሰዎች ርስት ብቻ እንዳልሆነ ሌላ ጥናት ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ይህ ጥናት በኒው ዮርክ ከተማ፣ በሰሜን ማንሃተን የሚኖሩ፣ ከአራት ዓመት የበለጠ ትምህርት ቤት ያልገቡ 983 አረጋውያንን ይመለከታል። ከእነርሱ መካከል ማንበብና መጻፍ ጨርሶ ያልተማሩት፣ ጥናቱ ሲጀመር በመርሳት በሽታ ተይዘው የመገኘታቸው ዕድል ፊደል ከሚያውቁት ሦስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ብቻ የቀረው ነበር።

ይህንን ባነበብሁ ጊዜ የቀበሌው አዳራሽ ትዝ አለኝ። ፊደል ክትባት አይደለም፤ ለዚህ እናቴ ራሷ ምስክር ናት። ማንበብ ብቻውን ያመጣው ለውጥ ነው ለማለትም ጥናቱ አይበቃም፤ ድህነትና የልጅነት ጉስቁልና ከመሃይምነት ጋር አብረው የሚሄዱ ናቸውና። ቢሆንም ነቀዙ ባዶ ጎተራ አላገኘም። ዛሬ እናቴ «የማን ልጅ ነህ?» ብላ ትጠይቀኛለች፤ ጋዜጣ ሲሰጣት ግን ርእሱን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች። ያነበበችው ነገር አብሯት አይቆይም፤ ንባቡ ግን የእርሷ ነው።

ሳይንስም ነቀዙን ራሱን ማሳደድ ጀምሯል። ሌካኔማብ የተባለው መድኃኒት አሚሎይድን ከአንጎል የሚጠርግ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል። ደዌው ገና በጀመራቸው 1,795 ሰዎች ላይ በተደረገው የ18 ወር ፈተና፣ መድኃኒቱ የበሽታውን ግስጋሴ በ27 ከመቶ አዝግሞታል። ነገር ግን የጠፋውን አይመልስም፤ በአንዳንዶች ላይም የአንጎል እብጠትና መድማት ያስከትላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች የመርሳት በሽታ ነበረባቸው፤ ከእነዚህም ከ60 በመቶ የሚበልጡት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እንዲህ ያለ ውድ መድኃኒት ለእነዚህ ሁሉ በቅርቡ ይደርሳል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል።

በእጃችን ያለው ግን ጥቂት አይደለም። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የተሰባሰቡ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ዘገባ 14 ምክንያቶችን ዘርዝረዋል፤ ሁሉም ቢወገዱ 45 ከመቶ ያህሉን የመርሳት በሽታ ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻላል ይላሉ። የደም ግፊት፣ ማጨስ፣ ያልታከመ የመስማትና የማየት ችግር፣ ብቸኝነት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከዝርዝሩ ቀዳሚ ሆኖ የተቀመጠው ግን በልጅነት ትምህርት ማጣት ነው።

እንግዲህ ከአንባቢዎቼ መካከል መምህር የሆነ ሰው ይህንን ያስብ። በዛሬው ክፍል የተቀመጠው ልጅ ሐሳብን ከሐሳብ አሰናስሎ እንዲጽፍ ሲያስተምሩት የሚሞላው የፈተና ወረቀት ብቻ አይደለም፤ የ80 ዓመቱ ጎተራም ነው። ደራሲውና ተዋናዩም አረጋዊን በመድረክ ላይ ለሣቅ ሲያቆም፣ የሚያስቅበት መርሳት ስም ያለው ደዌ መሆኑን ይወቅ። ስም የወጣለት ነገር ሐኪም ይፈለግለታል፣ አስታማሚ ይመደብለታል፣ ጥናት ይደረግበታል፤ «ጃጁ» ብለን ያለፍነው ግን ጓዳ ውስጥ ይቀራል። ነቀዙን ማጥፋት የሳይንቲስቱ ተራ ነው፤ ጎተራውን መሙላት ግን ለማንም የማይተላለፍ የእኛ ሥራ ነው።